ብድር ዘግይታ የከፈለች ነጋዴ ስሟን እንዴት ትመልሳለች?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ባህር ዳር፣ ፔዳ አካባቢ ትንሽ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለኝ። ከማይክሮፋይናንስ 150 ሺህ ብር ተበድሬ ነበር። ተማሪ ሲጠፋና ከተማው ሲቀዘቅዝ አራት ወር ያህል መክፈል አቆምኩ፤ በኋላ ግን ከነቅጣቱ ከፍዬ ጨርሻለሁ። አሁን ትልቅ ማባዣ ማሽን ልገዛ ባንክ ብጠይቅ ‹የብድር ታሪክሽ ላይ ችግር አለ› ብለው መለሱኝ። ለአጎቴ ልጅም የባጃጅ ብድር ዋስ ሆኜ ፈርሜያለሁ። ቴሌብር ላይም ትንሽ ትንሽ እበደራለሁ። አሜሪካ ያለችው እህቴ ‹ክሬዲት ካርድ አውጪና ስኮርሽን አሻሽይ› ትለኛለች። ስሜን ማጽዳት ይቻላል ወይ? ከየት ልጀምር?»

እህቴ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ይቻላል። የተመዘገበው መዘግየት እውነት ከሆነ ግን ከመዝገብ የሚፍቅልሽ ሰው የለም። «ብር አምጪ፣ ስምሽን ላጥፋልሽ» የሚል ካጋጠመሽ ገንዘብሽን ሊበላ ነው፣ አትስጪው። የሚቻለው ሌላ ነው። መዝገቡ ላይ ስህተት ካለ ይታረማል፣ እውነት የሆነው ክፍተት በማስረጃ ይብራራል፣ ከዚያ በላዩ ላይ አዲስ ንጹሕ ታሪክ ይጻፋል። ባህር ዳር ብድር ክፍል ተቀምጬ የብዙ ነጋዴ ፋይል አገላብጫለሁ። ካንቺ የባሰ መዝገብ ይዘው መጥተው ኋላ ላይ የተበደሩ ሰዎች አውቃለሁ።

የእህትሽን ምክር እናንሳና እንለፈው። የምትልሽ ለአሜሪካ ልክ ነው። እዚያ ፋይኮ የሚባለው ነጥብ ከ300 እስከ 850 ይደርሳል፤ 35 በመቶው በወቅቱ መክፈልን ያያል፣ 30 በመቶው ደግሞ ሰውየው ያለበትን ዕዳ፣ በተለይ ከተፈቀደለት ጣሪያ ምን ያህሉን እንደተጠቀመ። ካርድ አውጥቶ ትንሽ እየተጠቀሙ በየወሩ ሙሉውን መክፈል ነጥብ የሚያሳድገው ለዚህ ነው። እኛ ጋ ባንክ የሚሰጥሽ የኤቲኤም ካርድ የራስሽን ብር የምታወጪበት ነው። በሱ ስትገዢ ብትውዪ አንድ መስመር የብድር ታሪክ አይጽፍልሽም። ስለዚህ ካርዱን እርሺው። በወቅቱ መክፈል ከሁሉ ይበልጣል የሚለው ግን ባህር ዳርም ያው ነው፣ እንዲያውም እኛ ጋ ይብሳል።

ባንኩ ያየው ምንድን ነው? ብሔራዊ ባንክ ውስጥ የብድር መረጃ ማዕከል አለ። ባንኮችና ማይክሮፋይናንሶች ያበደሩትን ሰው መረጃ ወደዚያ ይልካሉ፤ አዲስ ብድር ከመስጠታቸው በፊትም ከዚያ ይጠይቃሉ። የምትለዪው በስምሽና በቲን ቁጥርሽ ነው፤ አሁን አሁን ፋይዳም በየባንኩ እየተጠየቀ ነው። እዚያ ላይ ምን ያህል እንደተበደርሽ፣ ምን ያህል እንደቀረብሽ፣ ክፍያሽ ዘግይቶ እንደሆነ ይታያል። ዕቁብሽ አይታይም። ከዘመድ ተበድረሽ በሰዓቱ የመለስሽውም አይታይም። ሰፈሩ ሁሉ «እሷማ ቃሏ ቃል ነው» ቢል እንኳን ማዕከሉ ያንን አያውቅም፣ ይሄ ብዙ ታማኝ ነጋዴ የሚናደድበት ነገር ነው፣ ቢናደድም አልፈርድበትም።

አሁን ዋናውን ነገር ስሚኝ። ባንክ ከብሩ ይልቅ ቀኑን ነው የሚቆጥረው። ሰው መጥቶ «ከፍዬ ጨርሻለሁ እኮ፣ ቅጣቱን ሳይቀር!» ይላል፣ እውነቱን ነው፣ ግን ፋይሉ ላይ የተጻፈው ስንት ቀን እንደቆየ ነው። ለዓመታት ሲሠራበት በቆየው የባንክ ብድር አመዳደብ ክፍያው ከ30 ቀን በታች የዘገየ ብድር ጤናማ ነው። ከ30 እስከ 90 ቀን ሲሆን በልዩ ትኩረት ይታያል። 90 ቀን ካለፈ የተበላሸ ብድር ውስጥ ይገባል፤ ብድር ክፍል ያሉ ልጆች «ሰብስታንዳርድ ገባ» ሲሉ ሰምተሽ ይሆናል። 180 ሲያልፍ አጠራጣሪ፣ 360 ሲያልፍ እንደጠፋ ይቆጠራል። ባንኩ በየደረጃው ለኪሳራ ብሎ ከትርፉ የሚያስቀምጠው ገንዘብ አለ፤ ጤናማ ለሆነው ከመቶ 1 ብር፣ ቀጥሎ 3፣ 90 ቀን ሲያልፍ 20፣ ከዚያ 65፣ በመጨረሻ 100።

ከ3 ወደ 20 ያለውን ዝላይ እይው። አንቺ አራት ወር ስትዪ ቀላል ይመስላል፤ ለአበዳሪ ግን 120 ቀን ነው፣ መስመሩን 30 ቀን አልፈሽዋል። በ85ኛው ቀን አንድ ሁለቱን የቆየ ክፍያ ብትዘጊ ኖሮ ዛሬ ባንኩ የሚያየው ፊት ሌላ ነበር። ይህን የምልሽ ላለፈው ልወቅስሽ አይደለም፣ ለወደፊቱ እንዲገባሽ ነው። ቀኑ የሚቆጠረው ካልተከፈለው ከቆየው ክፍያ ጀምሮ ነው። እንበልና ሦስት ወር ተጠራቅሞብሻል፣ እጅሽ ላይ ያለው ግን የአንዱ ወር ብር ብቻ ነው። ያንን ብር ይዘሽ ቤት አትቀመጪ፤ ወስደሽ የቆየውን ወር ሙሉ በሙሉ ዝጊበት፣ ቆጠራው ወደ ቀጣዩ ወር ይሻገርልሻል። ብዙ ሰው «ሙሉውን ካላገኘሁ ምን ብዬ እሄዳለሁ» እያለ በሐፍረት ይጠፋል። መጥፋቱ ነው የሚጎዳው።

ቀን ካልኩ አይቀር የፈረንጁን ካላንደር ላንሳ፣ ምክንያቱም ባህር ዳር ውስጥ ስንቱን ጥሩ ከፋይ አዘግይቷል። የብዙ ባንክ ሲስተም የሚሠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ክፍያሽ በፈረንጅ ወር 5ኛ ቀን ከሆነ በእኛ ከወር ወር ከ24 እስከ 30 ባለው ይንሸራሸራል። አንቺ «በ28 ነው የምከፍለው» ብለሽ ከያዝሽው መስከረም ላይ ዘገየሽ ማለት ነው። የክፍያ ሰሌዳውን አስወጪና በሁለቱም አቆጣጠር ጻፊበት፣ ሱቁ ግድግዳ ላይ ለጥፊው። ቀኑ እሑድ ወይም በዓል ላይ ከዋለ ቀድመሽ ባለው ቀን ክፈዪ።

ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ የተበደርሽበት ማይክሮፋይናንስ ሂጂ፣ ባንኩ ይቆይ። ብድሩ መጠናቀቁን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ ክሊራንስ የሚሉትን፣ ማኅተም ያለበትን ጠይቂ። ደብዳቤው ላይ የተበደርሽው መጠን፣ ብድሩ የተዘጋበት ቀንና ቀሪ ዕዳ የሌለብሽ መሆኑ ይጻፍ። ከዚያ «ለብሔራዊ ባንክ የተላከው መረጃዬ ላይ ይሄ ብድር ተዘግቷል ወይ?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ይሄ ጥያቄ ወሳኝ ነው። ብድሩ ተከፍሎ አልቆ መረጃው ላይ ግን ገና ክፍት ሆኖ የሚታይበት ጊዜ አለ፤ አንዳንዴ ከቅጣት የተረፈች ሃምሳና መቶ ብር ሂሳቡን ሳታዘጋ ትቀራለች። ባለቤቱ ጨረስኩ ብሎ ይተኛል፣ እዚያ ግን ቀኑ ይቆጥራል።

ሌላው የስም ጉዳይ ነው። ስማችን በላቲን ፊደል ሲጻፍ እንደ ጸሐፊው ነው፤ አንዱ ጽጌን በአንድ ዓይነት፣ ሌላው በሌላ ይጽፈዋል። የአባትና የአያት ስምም ይመሳሰላል። የሌላ ሰው ብድር ባንቺ ስም ሊታይ ይችላል፣ ያንቺ ጥሩ ታሪክም ሌላ ቦታ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ቲንሽ በትክክል መያዙን፣ ስምሽ በመታወቂያሽ ላይ እንዳለው መሆኑን አረጋግጪ። ተበዳሪ ስለራሱ የተያዘውን የብድር መረጃ የማየት መብት አለው፤ ማዕከሉ በኢንተርኔት መሥራት ሲጀምር አብሮ የተደነገገ ነው። በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም ስህተት የሆነ መረጃ እንዲታረምልሽ የመጠየቅ መብት ይሰጥሻል። ጥያቄውን በቃል አታቅርቢ። በጽሑፍ አድርገሽ ቅጂው ላይ «ደርሶናል» አስብለሽ አስፈርሚ፣ ቅጂውን አንቺ ያዥ። የሚያርመው መረጃውን የላከው ተቋም ስለሆነ መጀመሪያ አዲስ አበባ መሮጥ አያስፈልግሽም።

መረጃው ተስተካክሎ የአራት ወሩ መዘግየት እውነት ሆኖ ከቀረ ደግሞ አስረጂ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ለአንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ክልላችን ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት እንደተቋረጠ፣ መንገድ እየተዘጋ ዕቃ እንዳልገባ፣ ንግዱ ምን ያህል እንደቀዘቀዘ እዚህ ያለ አበዳሪ ሁሉ ያውቃል። ግን «ሁኔታውን ታውቁት የለ» ማለት ብቻውን ፋይል ውስጥ አይገባም። ብድርሽን የሚወስነው ኮሚቴ ምናልባት ዋና መሥሪያ ቤት ነው፣ ያንቺን በር አላየውም። አንድ ገጽ ጻፊ። የትኞቹን ወራት አልከፈልሽም፣ ያኔ ሽያጭሽ ወደ ምን ወረደ፣ መቼ መክፈል ጀመርሽ፣ መቼ ጨረስሽ። የባንክ ስቴትመንትሽን አያይዢ፤ ገቢው የወደቀበትና የተነሣበት ወር በግልጽ ይታያል። የሱቅ ኪራይ ውል፣ ግብር የከፈልሽበት ደረሰኝ፣ ክሊራንሱ፣ ሁሉንም። ችግር ውስጥ ሆኖ ከነቅጣቱ የጨረሰ ሰው ጥሩ ተበዳሪ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ብዙ የብድር ባለሙያም እንደዚያ ያስባል፣ ግን ባለሙያው አለቃውን የሚያሳምንበት ወረቀት ይፈልጋል። ወረቀቱን አንቺ ስጪው።

አሁን የሚያሳስበኝ ነገር ላይ ደረስኩ። ዋስትናው። እህቴ፣ ካነሳሽው ሁሉ የሚያስፈራኝ ይሄ ነው፣ ጥያቄሽ ውስጥ በግማሽ መስመር ያለፍሽው።

ውሉን አውጪና አንብቢው። «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ካለ፣ ብዙ ጊዜ አለ፣ አበዳሪው የአጎትሽን ልጅ ሳያስቸግር፣ ባጃጁንም ሳይሸጥ በቀጥታ አንቺ ጋ መምጣት ይችላል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1933 የሚለው ይሄንኑ ነው። ሁለተኛ፣ ዋስ የሆንሽበት የገንዘብ ጣሪያ ተጽፏል ወይ? ቁጥር 1922 ዋስትናው የሚጸናበት ከፍተኛው መጠን በውሉ ላይ ካልተገለጸ ዋጋ የለውም ይላል። ስለዚህ ስንት ብር ድረስ እንደፈረምሽ ወረቀቱ ላይ መኖር አለበት። ያንን ቁጥር እወቂው። ለማሽኑ ስትጠይቂም ባንኩ ይህን ዋስትና ሊመጣብሽ እንደሚችል ዕዳ አድርጎ ሊያስበው ይችላል፣ ከመጠየቅሽ በፊት አንቺው ተናገሪ። ሲደርሱበት ከሚደነግጡ ካንቺ ቢሰሙት ይሻላል።

ከዚያ ልጁን ጠይቂው። «ክፍያህ እንዴት ነው?» ሲባል «ደህና ነው» እንደሚል አውቃለሁ። አብራችሁ ሄዳችሁ ስቴትመንቱን አስወጡ። ይሉኝታ እንደሚይዝሽ ይገባኛል፤ የአጎት ልጅ ነው፣ አጎትሽ ይቀየማል፣ «አላመነችውም» ይባላል። ግን የፈረምሽው ስምሽን ነው፣ በየወሩ ማየት መብትሽ ነው፣ ይህን ደግሞ በፍቅር ነግሮ ማስለመድ ይቻላል። ባጃጅ በየቀኑ ብር ያስገባል፣ በየቀኑም ያስወጣል፤ ነዳጅ፣ ጎማ፣ ጥገና። የወር ክፍያውን በወሩ መጨረሻ ፈልጎ የሚያገኝ ሹፌር ጥቂት ነው። በየማታው ትንሽ ትንሽ ወደ ብድር ሂሳቡ እንዲያስገባ አድርጊው። መዘግየት ከጀመረ ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት እንዲነግርሽ ቃል አስገቢው። ከተቻለም ከአበዳሪው ጋር ተነጋግራችሁ ዋስትናሽ በሌላ ዋስ ወይም በባጃጁ ሊብሬ እንዲተካ ሞክሩ፤ አበዳሪው የመስማማት ግዴታ የለበትም፣ ብድሩ በደንብ እየተከፈለ ከሆነ ግን የሚሰማበት ጊዜ አለ። ከእንግዲህ አዲስ ዋስትና አትፈርሚ። ማሽኑን እስክትገዢ ድረስ ለማንም።

ቴሌብሩን አላካብደውም። መላ የሚባለው ብድርና ስትከፍዪ ብር ሲያንስሽ የሚሞላልሽ እንደኪሴ ከመጡ ከ2014 ወዲህ ብዙ ሰው ተጠቅሞባቸዋል፣ ትንሽ ብድር ወስዶ በቀኑ መመለስም አይጎዳም፤ የሚፈቀድልሽ መጠን የሚያድገው እንዲያውም በዚያ ነው። ከጀርባው ያለው ባንክ ስለሆነ ግን እንደ ጨዋታ አትይው። 800 ብር ረስቶ ወራት ማሳለፍ ለ800 ብር ሲባል ስም ማቆሸሽ ነው። አንዱን ለመክፈል ሌላውን መበደር ከጀመርሽ አቁሚ። ያ ሱቁ እየከሰረ እንደሆነ ምልክት ነው፣ መፍትሔው ብድር አይደለም። ስልክሽን ሰጥተሽ ሌላ ሰው በስምሽ እንዲበደር አትፍቀጂ፣ ወንድምም ቢሆን። ኢንተርኔት ሲጠፋ ደግሞ *127# ደውለሽ በኮዱ መክፈል ይቻላል፤ «ዳታ አልነበረም» የሚለው ምክንያት እዚያ አይሠራም።

አሁን አዲሱን ታሪክ እንጻፍ። ያንቺ ሱቅ ገቢ ምን እንደሚመስል ይታየኛል፤ አንድ ገጽ፣ ሁለት ገጽ፣ ጥራዝ፣ እስክሪብቶ፣ ሁሉም ዝርዝር ብር። ማታ ላይ ከመሳቢያው ይወጣል፣ ከሱ ላይ ዘይት ይገዛል፣ የልጅ ትምህርት ቤት ይከፈላል፣ የተረፈው በነጋታው ወረቀት ይገዛበታል። ሱቁ ይሠራል፣ ባንኩ ግን ስቴትመንትሽን ሲያይ ባዶ ሱቅ ነው የሚያየው። ይሄ ነው በብዙ ነጋዴ ላይ የሚደርሰው፤ ገቢ እያለው ገቢ የሌለው ይመስላል። ስለዚህ ሱቁ የራሱ ሂሳብ ይኑረው። የዕለቱን ሽያጭ በሙሉ አስገቢበት፣ ወጪውንም ከዚያ አውጪ። ተማሪው በቴሌብር ወይም በሞባይል ባንኪንግ ሲከፍልሽ በግል ቁጥርሽ ሳይሆን ወደ ሱቁ ሂሳብ ይሁን። ለራስሽ ደሞዝ ቁረጪ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ቤቱ ከዚያ ይኑር። ስድስት ወር እንደዚህ ብትሄጂ የተለየ ሰው ሆነሽ ነው ባንክ በር ላይ የምትቆሚው።

አንድ ነገር አደራ። ስቴትመንት ከማስወጣት በፊት ከዘመድ ብር ተበድሮ ማስገባትና በሳምንቱ ማውጣት የተለመደ ነው። የብድር ባለሙያ ያንን በመጀመሪያው ገጽ ያየዋል። ባዶ ከሆነ ሂሳብ ይልቅ ይሄ ያስጠረጥራል። የዕቁብ ዕጣ ደርሶሽ ያስገባሽው ከሆነ ግን ችግር የለውም፣ የዕቁቡ ደብተር ወይም የጸሐፊው ማረጋገጫ ይኑርሽና አስረጂ። ለግብር ያሳወቅሽው ገቢና ለባንክ የምትነግሪውም አይራራቁ። ለገቢዎች ጥቂት፣ ለባንክ ብዙ የሚባል ገቢ ፋይሉ ላይ ሲገናኝ ማንም አያምንሽም።

ቼክ የምትጽፊ ከሆነ ሂሳቡ ላይ ብሩ መኖሩን ሳታረጋግጪ እንዳትፈርሚ። በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት በወንጀል ሕጉ ቁጥር 693 የሚያስጠይቅ ነው። ከዚህ በላይ አልሄድበትም።

ወደ ማሽኑ ልመለስ። በቀጥታ ትልቁን ብድር አትጠይቂ። መጀመሪያ አነስ ያለ፣ ከአንድ ዓመት በታች የሚያልቅ ብድር ውሰጂና አንድ ቀን ሳታሳልፊ ጨርሺ። ያ ብድር የሚገዛልሽ ወረቀትና ቀለም ብቻ አይደለም፤ ከአራት ወሩ በኋላ የተጻፈ ንጹሕ መስመር ነው። አበዳሪ ሁልጊዜ የቅርቡን አጥብቆ ያያል። ስትዋዋዪ ደግሞ በክፍያ ሰሌዳው ላይ ተደራደሪ። ብዙ ሰው የወለዱን መጠን ይከራከራል እንጂ ሰሌዳውን ዝም ብሎ ይፈርማል፣ እኔ ግን ብዙ ብድር ሲበላሽ ያየሁት በወለዱ ሳይሆን በሰሌዳው ነው። የፎገራ ሩዝ አምራች ክፍያው ሐምሌ ላይ ከተደረገበት ከየት ያመጣል? አዝመራው ሲገባ ይከፍላል። ጣና ላይ ዓሣ የሚሸጠው ገበያው የሚደራው በጾም ወቅት ነው። ያንቺ ሱቅ ደግሞ ክረምት ላይ ተማሪው ሲሄድ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ «ሐምሌና ነሐሴ ወለዱን ብቻ ልክፈል፣ ዋናውን በትምህርቱ ወራት ላይ ከፍ አድርጉልኝ» በያቸው። ሁሉም አይስማማም። የሚስማማ አለ፣ መጠየቅ ደግሞ ነፃ ነው።

ቤት የለኝም፣ ካርታ የለኝም ብለሽ ተስፋ አትቁረጪ። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ተንቀሳቃሽ ንብረትን፣ ማሽንን፣ የሱቅ ዕቃን ሳይቀር፣ ለመያዣ ለመጠቀም በር ከፍቷል፤ መያዣው ብሔራዊ ባንክ ባለው መዝገብ ይመዘገባል። ባንኮች ሁሉ እኩል አልለመዱትም፣ ጠይቂ። ለማሽን ደግሞ የካፒታል ዕቃ ሊዝ የሚባለውን እንድታይ እመክርሻለሁ። ድርጅቱ ማሽኑን ገዝቶ ይሰጥሻል፣ አንቺ እየሠራሽ ትከፍያለሽ፣ እስክትጨርሺ ባለቤቱ ድርጅቱ ነው። ማሽኑ ራሱ ዋስትና ስለሆነ ሌላ መያዣ ላይ ያን ያህል አይጨቃጨቁም። እዚህም የብድር ታሪክሽ መታየቱ አይቀርም፣ ስለዚህ ክሊራንሱንና ያቺን አንድ ገጽ ማስረጃ ይዘሽ ሂጂ።

አንድ ልብ የማይባል ነገር አለ። ባንክ የሚከለክልሽ ሁልጊዜ ባንቺ ምክንያት አይደለም። ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ባንኮች ብድራቸው በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ጣሪያ አድርጎባቸው ነበር፤ ኋላ ወደ 18፣ ቀጥሎም ወደ 24 ከፍ አደረገው። ጣሪያው ላይ የደረሰ ባንክ የሚያበድረው ስለሌለው ለመመለስ ምክንያት ይፈልጋል። ስለዚህ «ታሪክሽ ላይ ችግር አለ» ሲሉሽ የትኛው ብድር፣ የትኛው ወር፣ ስንት ቀን ብለሽ ጠይቂ። ካልነገሩሽ ችግሩ ሌላ ሊሆን ይችላል። በዚያው ሳምንት አራት ባንክ መዞር ግን አያስፈልግም፣ መረጃው ሳይስተካከል መልሱ አንድ ነው።

ተናደሽ አራጣ አበዳሪ ጋ ከመሄድ ደግሞ ማሽኑ ቢቀር ይሻላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ አራጣው ያለሽን ትንሽ ማሽን ያሳጣሻል። በወር 10 በመቶ ማለት በዓመት ከተበደርሽው በላይ ወለድ ማለት ነው፣ ፎቶ ኮፒ ያንን አይሸከምም።

ምናልባት ወደፊት ደግሞ ይከፋል። ተማሪ ይዘገያል፣ መብራት ይጠፋል፣ ሰው ይታመማል። እንደማትከፍዪ ያወቅሽ ዕለት፣ ቀኑ ሳያልፍ፣ ብድር ክፍል ሂጂና ማራዘሚያ በጽሑፍ ጠይቂ። ብድሩ ጤናማ እያለ የመጣ ደንበኛና 100 ቀን ጠፍቶ ተፈልጎ የተገኘ ደንበኛ አንድ ዓይነት ወንበር ላይ አይቀመጡም። ለመጀመሪያው ሰሌዳው ሊስተካከልለት ይችላል፤ ሁለተኛውን የሚያነጋግረው የሕግ ክፍል ነው። ንብረት ያስያዘ ሰው ከሆነ ደግሞ ባንክ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። 30 ቀን ደግሞ ገንዘብ ለመፈለግ በጣም አጭር ነው።

ሰኞ ማይክሮፋይናንሱ ጋ ሂጂ፣ ክሊራንሱንና «መረጃዬ ተዘግቷል ወይ» የሚለውን መልስ ያዢ። በዚያው ሳምንት የአጎትሽን ልጅ ስቴትመንት እዩ። መረጃው ላይ ያገኘሽው ነገር ከነገርሽኝ የተለየ ከሆነ፣ በተለይ ያላወቅሽው ብድር በስምሽ ከታየ፣ ስምሽንና ቁጥሩን ሳትጽፊ የሚለውን ብቻ ጻፊልኝና ለማን ምን ዓይነት ደብዳቤ እንደሚጻፍ አብረን እናያለን።